ሲቀዳ የሚቀረው፦ ቴክኖሎጂ የሙዚቃ ጆሯችንን እንዴት እየቃኘው ነው

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ካሉት አዝማሪ ቤቶች በአንዱ፣ ከፊት የተቀመጠ ጎልማሳ ገና ማሲንቆው ድምፅ ማውጣት ሲጀምር ስልኩን ፊቱ ላይ ገትሮ መቅረጽ ያዘ። አዝማሪው ሁለት ጊዜ ዞሮ አጠገቡ ቆመ፤ ግጥም እንዲሰጠው መጠበቁ ነበር። የሰውዬው ዓይን ግን ከስልኩ መስታወት አልተነሣም። በሦስተኛው ዙር አዝማሪው ጎንበስ አለና እንዲህ አለው፦

ፊትህን በስልክህ ጋርደህ ስትቀዳ፣
ግጥሜን ማን ይቀበል ሆነህብኝ ባዳ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰውዬውም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋና «ተቀበል!» አለ።

ያ ስንኝ ቤት ገብቼም አልለቀቀኝ። «መቅዳት» የሚለውን ቃል አዝማሪው እንዲሁ አልመረጠውም። ጠላ ይቀዳል፣ ጠጅ ይቀዳል፣ ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ድምፅም ይቀዳል። የቀዳ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ ከጋን ወደ ማንቆርቆሪያ የሚያልፈው ሁሉም አይደለም፤ ከታች የሚቀር አለ፤ የሚቀረውም ሁልጊዜ አተላ አይደለም። ከሙዚቃ ሲቀዳ የሚቀረው ምንድን ነው? ለዓመታት ከተቀዳው ብቻ ስንጠጣ ኖረን «ሙዚቃ ማለት ይኸው ነው» ብለን ማመን የጀመርነውስ ከመቼ ወዲህ ነው?

ከከተማዋ ወጣ ብላ የምትገኘው ቡርባክስ የአዝማሪ ቤተሰቦች መንደር ሆና የታወቀች ናት። እዚያ ልጅ ማሲንቆን ከአባቱ፣ ከአጎቱ እጅ እያየ ይማራል። የሚማረው ዜማ ብቻ አይደለም። ሰው ማየትን ይማራል፦ ማን ሊሞገስ እንደ ወደደ፣ ማን አዝኖ እንደ መጣ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ጠብ እንደሚሸት። እንግዳው ሁለት ስንኝ ይጥላል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል፣ ያዞረዋል፣ የራሱን ይደርብበታል። ዜማው ከቅድመ አያት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ግጥሙ የዚያች ሌሊት ነው። ርዝመቱም በተቀማጩ ልክ ነው፤ ቤቱ ከሞቀ ይረዝማል፣ ከቀዘቀዘ ያጥራል። በእንዲህ ያለ ቤት «የዚህ ዘፈን ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም፤ ጥያቄው ራሱ ከሌላ ቤት የመጣ ነውና።

ጥያቄው የመጣው ድምፅ ቀድቶ ከሚያስቀምጠው መሣሪያ ጋር ነው። ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1877 ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ በድምፅ የተቀዳ መልእክት ላከች፤ ምኒልክና ጣይቱም ድምፃቸውን ቀድተው መለሱ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀዱ። ሸክላው ግን የራሱ ሕግ ነበረው፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውና 10 ኢንች ስፋት ያለው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እስከ ንጋት ሊዘለቅ የሚችል ትዝታ ሦስት ደቂቃ ውስጥ መግባት ነበረበት። መሣሪያው የዘፈኑን ወገብ ቆረጠ፤ እኛም ቀስ በቀስ ዘፈን ሦስት አራት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው ብለን ተቀበልን። አምሓ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሓ ሪከርድስን ሲከፍት ያወጣቸው ትንንሽ ሸክላዎችም ያንኑ ልክ ይዘው ነበር።

ካሴት ሲመጣ ልኩ ተለወጠ። የአንድ ሰዓት ካሴት ሁለት ገጽ አለው፣ አሥር ያህል ዘፈን ይይዛል፤ ስለዚህ ድምፃዊ የሚመዘነው በአንድ ዘፈን ሳይሆን «ካሴት አወጣ» በመባሉ ሆነ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዘፈን የትኛው እንደሚሆን የታሰበበት ነገር ነበር። ዛሬ ደግሞ «ነጠላ ዜማ» እንላለን፤ ሥራው የሚለካውም በቪው ነው። ሸክላ፣ ካሴት፣ ነጠላ ዜማ፦ እነዚህ የዕቃ ስሞች ብቻ ይመስላሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን «አንድ ሥራ ምን ያህል ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ ናቸው።

የእኅቴ ልጅ አንድ ቀን ዘፈን የሚለይ መተግበሪያ ከፍታ ስልኳን ወደሚዘፍን አዝማሪ አዞረች። ስልኩ ጥቂት አሰበና ምንም እንዳላገኘ ጻፈ። «አጎቴ፣ ይሄ ዘፈን የለም ማለት ነው?» አለችኝ። ዜማውን አያቷ ጭምር ያውቁታል።

መተግበሪያው አልተሳሳተም። የዚህ ዓይነቱን አሠራር ያስተዋወቀው ሻዛም እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ ውስጥ ሲጀምር ሰዎች 2580 ደውለው ስልካቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ያስጠጉ ነበር። ሥርዓቱ ከድምፁ ውስጥ ጎልተው የሚወጡትን ነጥቦች ይለቅማል፣ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በመካከላቸው ያለውን የጊዜና የከፍታ ርቀት ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ከዚያ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። የአውራ ጣት አሻራ እንደ ማንሣት ነው። አሻራው ግን የዘፈኑ አይደለም፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ ከአንድ ጉሮሮ የወጣ የአንድ ቅጂ ነው። ያው ዜማ በሌላ ሌሊት ከሌላ ጉሮሮ ሲወጣ ለመሣሪያው ሌላ ነገር ነው። እኔን የከነከነኝ ስልኩ አይደለም፤ የልጅቱ ጥያቄ ነው። ያልተቀዳ ዘፈን የሌለ ዘፈን መሆኑን ማንም አላስተማራትም፤ ከመሣሪያው ባሕርይ ራሷ ተረዳችው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቅኝት ነው።

«ቅኝት» አንድ ዜማ የሚሠራባቸው ድምፆች አሰላለፍ ነው፤ ቃሉ ከ«መቃኘት» የመጣ ነው፤ የእጅ ሥራ ነው። ክራር የሚመታ ሰው ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ አውታሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ጆሮውን አስጠግቶ «አሁን ሆነ» የሚልበት ቦታ አለው። ማሲንቆ ደግሞ ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ ናት። ጣት የሚያርፍበት ምልክት የላትም፤ ሰውየው ድምፁን ይሰማል፣ ጣቱ ይከተላል። የጭራዋም መነሻ ከፍታ የሚወሰነው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ ከዚያ ጉሮሮ ውጭ የቆመ መለኪያ የለም።

ፒያኖና ኪቦርድ ሌላ ሥርዓት ነው። እዚያ አንድ ስምንዮሽ (ከአንዱ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለው ርቀት) በ12 እኩል እርከን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ እርከን 100 ሴንት ተብሎ ይለካል፤ መነሻው «ላ» በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲርገበገብ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተወስኗል። ይህ አከፋፈል ለአውሮፓ ሙዚቃ ትልቅ ጥቅም ያለው መፍትሔ ነው፤ ከየትኛውም ድምፅ ተነሥቶ ለመጫወት ያስችላል። ግን ለእነሱም ቢሆን ስምምነት እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ተፈጥሯዊው «ሚ» ከ«ዶ» በ386 ሴንት ያህል ይርቃል፤ ኪቦርዱ 400 ላይ ያስቀምጠዋል። የ14 ሴንት ልዩነት ለለመደ ጆሮ ይሰማል።

አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በዚህ መሰላል ላይ መጻፍ ይቻላል፤ በሙዚቃ ትምህርት ቤትም የሚጻፉት እንዲሁ ነው። አንቺሆዬን ብንወስድ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል። እንዲህ ሲጻፍ ለማስተማር ይመቻል፣ ለኦርኬስትራ ያስችላል። በ1924 እ.ኤ.አ. አርባ አርመናውያን ልጆች ነሐስ መሣሪያ ይዘው ከመጡ ወዲህ የተሠራው ዘመናዊ ሙዚቃችን ያለዚህ መሰላል አይታሰብም፤ እኔም ያንን ሙዚቃ ከልቤ እወደዋለሁ። ነገር ግን አንቺሆዬን ከማሲንቆ የሰማ ሰው ጣቱ ከሬ ፍላት ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ እንደሚል፣ ወደ ላይ ሲወጣና ወደ ታች ሲወርድ እንኳ አንድ ቦታ ላይ እንደማያርፍ ያውቃል። ከተጫዋች ተጫዋች ይለያያል። ያ ልዩነት የአጨዋወት ጣዕም ነው፤ በመሰላሉ ላይ ግን ቦታ የለውም፤ ቦታ ስለሌለው ደግሞ ስሕተት ይባላል።

መጀመሪያ መሣሪያው ልዩነቱን አያሳይም፤ ቀጥሎ ስም ያሳጣዋል፤ በመጨረሻ ያርመዋል። አውቶ ቲዩን የሚባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን የፈጠረው አንዲ ሂልደብራንድ ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የምድር ውስጥ የድምፅ ሞገድ ይመረምር የነበረ መሐንዲስ ነው። ሶፍትዌሩ የዘፋኙን ድምፅ ይለካል፣ ቅርቡ ወዳለው እርከን ይጎትተዋል። የትኞቹ እርከኖች ትክክል እንደሆኑ የሚነግረው ሰው ነው፤ ካልነገሩት ግን አሥራ ሁለቱን እኩል እርከኖች ይወስዳል። እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ገብቼ አንዲት ወጣት ስትቀዳ አይቻለሁ። በአንቺሆዬ ያዜመችው ድምፅ ስክሪኑ ላይ እንደ ሐረግ ይጠማዘዛል፤ ከኋላው ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ተሰምረዋል። ባለሙያው ሐረጉን ወደ መስመሩ ሳበው። ልጅቱ ሰማችውና «አሁን ጸዳ» አለች። ከእናቷ የወረሰችውን ነገር እያጸዳች እንደሆነ የነገራት የለም፤ ስክሪኑ መስመር እንጂ እናት አያሳይም።

ያለ ኪቦርድ የሚሄድ ሠርግ ዛሬ ጥቂት ነው፤ ከኪቦርዱ ጋር ደግሞ «የጎንደር ምት» የሚባል ነገር መጥቷል። አንድ ቁልፍ ይነካል፣ ምቱ እኩል እየረገጠ ይሄዳል። እስክስታ የሚወርድ ሰው ግን ትከሻው ሲግል ከበሮ መቺው ያያል፣ ያፋጥናል፤ ሲደክመው ያሳርፈዋል። ቁልፉ አያይም። አራዳ ገበያ ሙዚቃ በሜሞሪና በፍላሽ የሚጭኑ ልጆችም ፎልደሮቻቸውን «ጎንደር»፣ «ጎጃም»፣ «ወሎ» ብለው ከፍለዋቸዋል። ለሥራቸው ይመቻቸዋል። አገር ግን እንዲህ የፎልደር ስም ሲሆን የደምቢያው ከወገራው፣ የጭልጋው ከደባርቁ የሚለይበት ነገር በአንድ ስም ሥር ይጠፋል።

እስካሁን ያልኩት «ድሮ ንጹሕ ነበር፣ ቴክኖሎጂ አበላሸው» የሚል ከመሰለ ተሳስቻለሁ። አገራችን ራሷ የድምፅ ቴክኖሎጂ አገር ናት። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንደሚተርኩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት አበጁለት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፤ ከእነዚህ ሌላ ከቃሉ ራስ ላይ በትንንሹ የሚጻፉ ፊደላት አሉ። ፊደላቱ ዜማው ቀድሞ ከሚታወቅ ሌላ ቃል የተወሰዱ ናቸው፤ «ይህንን እንደዚያኛው በለው» ማለት ነው።

ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ አስገርሞኛል። የአውሮፓው ኖታ ዜማውን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ይነግረዋል። ምልክቱ ግን ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም፤ የሚያውቀውን ያስታውሰዋል። ስለዚህ መምህሩን አያስቀርም፤ እንዲያውም ያለ መምህር ከንቱ ነው። በጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋምን፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በከበሮና በጽናጽል የሚዜመውን ዜማ፣ የሚማሩ ደቀ መዛሙርት ብራናው ፊታቸው ተዘርግቶ እንኳ ዜማውን የሚቀበሉት ከየኔታ አፍ ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የአቋቋም ስልቶች ጎን ለጎን የኖሩት በዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ምልክቱ ሁለቱንም ያስተናግዳል፣ አንዱን ብቻ «ትክክል» አያደርግም።

ስለዚህ መሣሪያን ስመዝን አዲስና አሮጌ ብዬ አልለይም፤ የምጠይቀው «ለጆሮ ምን ሥራ ይተውለታል?» ብዬ ነው። ምልክቱ ሥራውን ለሰው ትቶ ያግዘዋል። መስመር ያለው ስክሪን ሥራውን ከሰው ወስዶ ይጨርሰዋል።

ስልኩም ቢሆን እንደ አያያዙ ነው። ዛሬ የኔታ ሲያዜሙ በስልክ የሚቀዱ ተማሪዎች አሉ። ማታ ማደሪያቸው ገብተው ከፍታውን ሳይለውጡ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው ያን የረቀቀ ርክርክ ደጋግመው ይሰማሉ፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ረዳት አላውቅም። በማግስቱ ግን የኔታ ዘንድ ይመለሳሉ፣ ይታረማሉ። ቅጂው ምልክት ሆነላቸው ማለት ነው። የሚያሰጋው ሳይመለሱ የቀሩ ዕለት ነው፤ ያኔ የዚያች ቀን ድምፅ፣ የኔታ ምናልባት ጉንፋን ይዟቸው ያሉት፣ ሕግ ይሆናል።

የስልክን ጆሮ ማወቅም ይጠቅማል። በጥምቀት ታቦቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ ከበሮው በደረታችን ይሰማል። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያንን ወፍራም ድምፅ የማውጣት አቅም የለውም፤ የሚቀረው ቀጭኑ ምትና ጽናጽሉ ነው። መቅጃውም ጸጥ ያለውን ከፍ፣ ጮክ ያለውን ዝቅ እያደረገ ያስተካክላል፤ ሩቅ ያለው እልልታና ቅርብ ያለው ወረብ አንድ ልክ ይሆናሉ። ድምፁ ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣበት ያ መንቀጥቀጥ አይቀዳም። ከዚያ ላይ አሥራ አምስት ሰከንዱ ብቻ ተቆርጦ ይለቀቃል። ጥምቀትን በስልክ ብቻ የሚያውቅ የውጭ አገር ልጃችን ወረብ ገና ከጅምሩ የሚዘለልበት ይመስለዋል፤ ከዝግታው ተነሥቶ እያደገ እንደሚሄድ በምን ያውቃል?

ባለቤትነትም ተለውጧል። የቅጂ መብት አዋጃችን (ቁጥር 410/1996) አንድን ሥራ የሚጠብቀው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ፣ ማለትም ተጽፎ ወይም ተቀድቶ ሲቀመጥ ነው፤ ለከዋኝም በክዋኔው ላይ መብት ይሰጣል። በተግባር ግን የድምፅ አሻራ የሚያነሡት ሥርዓቶች የሚያውቁት ቀድሞ ያስመዘገበን ነው። የአገር ዜማ ቀድሞ ቀድቶ የጫነ ሰው በመዝገቡ ባለቤት ሆኖ ይቆማል፤ ዜማውን ለዘመናት ያኖሩት ቤተሰቦች ስም በየትኛውም መስክ አይሞላም። ይህንን አዝማሪዎቻችንን በሚገባ ቀድቶ፣ በስማቸውና በመንደራቸው መዝግቦ ማስተካከል ይቻላል፤ መሣሪያው ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ አለ።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የታዘብኩት ነገር አለ። በኢንተርኔት በየጊዜው የሚታደሰው የዘፈን ዝርዝር ቆመ። ሰው ሜሞሪው ላይ ያለውን ደጋግሞ ሰማ፤ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ «ይቺን ስማት» ማለት ተመለሰ። ያ ጊዜ የመከራ ጊዜ ነው፤ በመቋረጡ የተጎዳው ብዙ ነውና አላመሰግነውም። ነገር ግን ዘፈንን የሚመርጥልን ሥርዓት ሲጠፋ ምርጫው ምን ያህል የእኛ እንዳልነበረ በግልጽ ታየኝ።

አሁን ደግሞ ሱኖና ዩዲዮን የመሳሰሉ፣ ጥቂት ቃል ሲጽፉላቸው ሙሉ ዘፈን የሚያወጡ ሥርዓቶች መጥተዋል። የሚማሩት ከተቀዳው ነው፤ ብዙ ከተቀዳው ብዙ፣ ጥቂት ከተቀዳው ጥቂት። በአሥራ ሁለቱ እርከን የታረመውን ከሰጠናቸው የታረመውን ይመልሱልናል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ማሲንቆ ተጫዋች ሥራ ሳይጀምር ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲቃኝ አየሁት። የምትንቀሳቀሰዋ መርፌ መሐል ላይ ቆማ አረንጓዴ እስክትሆን ይጠብቃል። አብራው የምትዘፍነው ሴት በዚያ ብርድ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር። «ወንድሜ፣ ዝቅ አድርግልኝ» አለችው። ስልኩን ተመለከተ፣ እሷን ተመለከተ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተውና ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ። እሷ በቀስታ አንጎራጎረች፤ እሱ መቃኛውን እያላላ ተከተላት፣ ጭራዋ ከድምፅዋ ጋር አንድ እስክትሆን። መርፌዋ የት ላይ እንደነበረች ያየ የለም።